ከጣውላው ሥር ያለው ውሃ

የካ ውስጥ አሮጌ ቤት ይዞ ካፌ፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም ቢሮ ሊያደርገው የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚፈርደው በወለሉ ላይ ነው። ጣውላው ሲረግጡት ይሰምጣል፤ ክፍሉም ክረምት ከበጋ የሻጋታ ሽታ አይለየውም። ፎርማኑ መፍትሔ አያጣም፦ ጣውላው ይነሣ፣ ገረጋንቲ ይሞላ፣ አርማታ ይፈስ፣ ሴራሚክ ይነጠፍ። እኔ ግን ለአብዛኞቹ እንዲህ ላሉ ቤቶች ይህ ምክር በሽታውን ከወለሉ ወደ ግድግዳው የሚያዛውር ነው ባይ ነኝ።

ምኒልክ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ከወረዱ በኋላ፣ የእንግሊዝ፣ የሩሲያ፣ የጣሊያንና የፈረንሳይ ሌጋሲዮኖች ሰፋፊ ቦታ ያገኙት በዚሁ በየካ በኩል ባለው የእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው፤ “ፈረንሳይ ለጋሲዮን” የሚለው የሰፈር ስም ዛሬም አለ። ቦታው ያምራል፣ ግን ተዳፋት ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ቀበና ወንዝ አይገባም። ከፊሉ መሬት ውስጥ ሰርጎ ተዳፋቱ መሐል ላይ ይወጣል፤ ከተራራው ጎን የሚፈልቁት ጠበሎች ምስክር ናቸው። ከላይ በኩል ያለው የቤቱ ግድግዳ ይህን ውሃ በጀርባው ይቀበለዋል።

የድሮ ግንበኞች ይህን ያውቁ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ ነው፤ ውሃ ይስባል፣ መልሶም በትነት ያወጣል። ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርገው በሞራሌ ላይ አንጠለጠሉት፤ ከሥሩም ነፋስ እንዲያልፍ ከግድግዳው ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳ ትተው የብረት ፍርግርግ ገጠሙበት። እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች እስከቆየ ድረስ የሚያበሰብሰው ሻጋታ አያገኘውም። እንዲህ ደረቅ አድርጎ የሚያቆየው ነፋሱ ነው።

ታዲያ ምን ተበላሸ? ብዙ ጊዜ እንጨቱ አይደለም። አይጥ ይገባል ተብሎ ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፍኗል። መንገዱ በተጠገነ ቁጥር፣ ግቢው በተነጠፈ ቁጥር መሬቱ ከፍ ብሎ ፍርግርጉን ቀብሮታል። አሸንዳው ተቀዶ የጣሪያው ውሃ መሠረቱ ላይ ይወርዳል። ጣውላውን አንሥቶ ሞራሌውን መሐሉ ላይ በሚስማር ቢወጉት አይበገርም፤ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የአንድ ስንዝር ያህል ጫፍ ላይ ግን ሚስማሩ ያለ መዶሻ ይገባል። ወለሉን ያሰመጠው ያ ጫፍ ነው።

አርማታ ሲፈስበት ከሥር ያለው እርጥበት በወለሉ በኩል መውጫ ያጣል። የቀረው መንገድ ግድግዳው ነውና ያንን ይዞ ይወጣል። ልስኑም የሲሚንቶ ከሆነ እዚያም ይታፈናል፤ ከዚያ ቀለሙ ይነፋል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ይወጣል፣ ጭቃው ይላላል።

ትክክለኛው ሥራ ከውጭ ይጀምራል። አሸንዳው ይጠገናል፣ በላይኛው በኩል ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩ ከቀዳዳዎቹ በታች ዝቅ ይደረጋል። ከመስቀል በኋላ ጣውላው ተነሥቶ ቤቱ በጋውን ሙሉ እስኪደርቅ ክፍት ይተዋል፤ ካፌውን ለገና ሊከፍት ላሰበ ባለቤት ይህ መራራ ነው። ከዚያ የበሰበሰው ጫፍ ብቻ ይቆረጣል። ሞራሌውም ዳግም ግድግዳ ውስጥ አይገባም፤ ከግድግዳው ራቅ ባለ አጭር የድንጋይ ምሰሶ ላይ፣ መሐላቸው ካትራሜ ተደርጎ ያርፋል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ምስጥን ለጊዜው ያዘገይ ይሆናል እንጂ ለታፈነ እንጨት ነፋስ አይሆነውም።

የእንጨቱ ምርጫ ሌላ ጣጣ አለው። ጽድ ምስጥንም መበስበስንም ይቋቋማል፤ ግን አገር በቀሉን ዛፍ ለወለል ብሎ ማስቆረጥ ከሕጉም ከኅሊናም ያጣላል። ገበያው በርካሽ የሚያቀርበው ባሕር ዛፍ ነው፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ እንጦጦ ላይ መተከል የጀመረው ያው ዛፍ። ሳይደርቅ ከተመታ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሚፈርስ ሌላ አሮጌ ቤት የወጣ ደረቅ ጽድ የተገኘ እንደሆነ ዋጋውን ሳይከራከሩ መግዛት ነው።

አርማታ ፈጽሞ አይግባ አልልም። ወጥ ቤትና መጸዳጃ ቤት ውሃ ስለሚደፋባቸው እዚያ ይፍሰስ፤ የቀረው ወለል የነፋስ መንገድ እንዳይዘጋ ብቻ በሥሩ ቱቦ ይለፍበት። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል።

አርማታው የሚያሸንፈው ግን በጥቅሙ ሳይሆን በአከፋፈሉ ይመስለኛል። ወለል በካሬ ይለካል፣ በካሬ ይከፈላል። ቦዩ፣ አሸንዳውና ዝቅ የሚለው አፈር ግን ብዙ ጊዜ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ቦታ የላቸውም፤ ቦዩማ ከአጥር ውጭ ማለፍ ሲኖርበት ጎረቤት ማስፈቀድ፣ ወረዳ መመላለስ አለ። ኮንትራክተሩ ያልተከፈለበትን አይቆፍርም። የካ ላይ ወለል የሚያስቀይር ባለቤት ውል ከመፈረሙ በፊት ቦዩን በሜትር ለክቶ፣ ከካሬው ዋጋ በላይ በመጀመሪያው ተራ ያስጽፈው።