ልጓም የሌለው መከላከያ

«በሽታ የመከላከል አቅምን ይጨምራል» የማይባልለት ነገር ጠፍቷል። ማሩ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በቴሌግራም የሚሸጠው ስሙ የማይታወቅ ዱቄት ሳይቀር ገበያውን የሚጠራው በዚሁ ነው። ከማስታወቂያው ጀርባ ያለው እምነት መከላከያው በበረታ ቁጥር ሰውም የዚያኑ ያህል ጤነኛ ይሆናል የሚል ነው። የዝንጅብል ሻይ ማንንም አይገድልም። እምነቱ ግን ስህተት ነው፤ ስህተትነቱም ስድስት ሰዎችን ሞት አፋፍ አድርሶ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2006 ለንደን በሚገኘው ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ስድስት ጤነኛ ወጣቶች ቲጂኤን 1412 የተባለ የሙከራ መድኃኒት በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። የተሰጣቸው መጠን ዝንጀሮዎችን ሳይጎዳ ካለፈው 500 እጥፍ ያነሰ ነበር። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ትኩሳት ተከታትለው መጡ፤ የደም ግፊታቸውም አሽቆለቆለ። ብዙም ሳይቆይ ሳንባና ኩላሊታቸው እየደከመ ሁሉም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ነፍሳቸው ተርፏል፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን የእጅና የእግር ጣቶቹ ተቆርጠዋል።

በሰውነታቸው ውስጥ ተህዋሲ አልነበረም። ያን ሁሉ ጉዳት ያደረሰው የገዛ መከላከያቸው ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ህዋሳት በገጻቸው ላይ መልእክት የሚቀበሉ ፕሮቲኖች፣ ማለትም ሪሴፕተሮች አሏቸው፤ ሲዲ28 የተባለው ሪሴፕተር ህዋሱን ለጥቃት ከሚቀሰቅሱት አንዱ ነው። መድኃኒቱ እሱን በቀጥታ ቆሰቆሰው። ዝንጀሮዎቹ የዳኑት ደግሞ ጥቃቱን በሰው ላይ ያቀጣጠሉት የቲ ሴል ዓይነቶች በእነሱ ላይ ይህ ሪሴፕተር ስለሌላቸው መሆኑ በኋላ ታወቀ። መድኃኒቱ የታሰበው ለደም ካንሰርና ሪህ መሰሉን የመገጣጠሚያ ብግነት ለማከም ነበር። ካንሰርንና ራስን የማጥቃት በሽታን በአንድ ሪሴፕተር በኩል ለማከም መታሰቡ በራሱ አይገርምም፤ ሁለቱ በሽታዎች የሚገናኙት እዚያው ላይ ነውና።

ቀስቃሽ ካለ ልጓምም አለ። ሲቲኤልኤ-4 የተባለው ሪሴፕተር ቲ ሴልን የሚገታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዎች ይህ ሪሴፕተር የሌላቸው አይጦች እንዲወለዱ አደረጉ፤ አይጦቹ በተወለዱ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ልባቸውና ሌሎች አካሎቻቸው በራሳቸው ቲ ሴል ተወርረው ሞቱ። በዚያን ጊዜ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ይሠሩ የነበሩት ጄምስ አሊሰን ግን ጥያቄውን ገለበጡት፦ ልጓሙ ለጥቂት ጊዜ ቢላላ ቲ ሴሉ ዕጢውን ያጠቃ ይሆን? በ1996 ይፋ ባደረጉት ጥናት የአይጦቹ ዕጢ ጠፋ። እናታቸውን በልጅነታቸው በካንሰር ያጡት አሊሰን ሐሳባቸውን ይዘው የመድኃኒት ኩባንያዎችን ደጅ ቢጠኑም የሚቀበላቸው ለማግኘት ዓመታት ወስዶባቸዋል። ሲቲኤልኤ-4ን የሚያግደው ኢፒሊሙማብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2011 ነው።

ኪዮቶ ላይ ታሱኩ ሆንጆ ሌላ ልጓም አግኝተው ነበር፤ በ1992 የታወቀው ፒዲ-1። ይህ የጎደላቸው አይጦች ቶሎ አይሞቱም። ዕድሜያቸው ሲገፋ አንዳንዶቹን ሉፐስ መሰል ራስን የማጥቃት በሽታ፣ ሌሎቹን የልብ ጡንቻ መድከም ይይዛቸዋል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

የፒዲ-1 ወሬ በየቤቱ የገባው ግን በጂሚ ካርተር ነው። በኢትዮጵያ በጊኒ ዎርምና በትራኮማ ዘመቻ ስማቸው የሚነሣው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት በ2015፣ በ90 ዓመታቸው፣ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ጉበታቸውና አንጎላቸው ድረስ መዝለቁን ተናገሩ። ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን ፒዲ-1ን የሚያግድ መድኃኒት ወሰዱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የካንሰሩ ምልክት አልታይ አለ። ያረፉት በ2024 መጨረሻ፣ በ100 ዓመታቸው ነው።

ሁሉም ታካሚ እንደ ካርተር አይሆንም፤ ብዙዎች መድኃኒቱ አይሠራላቸውም። ከሚሠራላቸውም መካከል ታይሮይዳቸው የሚቃጠል፣ አንጀታቸው የሚቆስል፣ አልፎ አልፎም ልባቸው የሚጠቃ አሉ። ይህ ተራ የጎንዮሽ ጉዳት አይደለም፤ በአይጦቹ ላይ የታየው ነገር በሰው መደገሙ ነው። በተቃራኒው፣ የሲቲኤልኤ-4 አንድ ክፍል ራሱ መድኃኒት ሆኖ ተሠርቶ ከ2005 ጀምሮ የመገጣጠሚያ ብግነት ላለባቸው ሰዎች ይሰጣል። አንዱን ልጓም አላልቶ ካንሰርን፣ አጥብቆ ቁርጥማትን ማከም ከተቻለ፣ «አቅም ጨምሩ» የሚለው ምክር የትኛውን በሽተኛ ይመለከታል?

ጀርመን፣ ኤርላንገን ውስጥ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ሐኪሞቹ ሰው ሠራሽ ሪሴፕተር የተገጠመላቸውን፣ ለደም ካንሰር ሕክምና የተፈጠሩ ቲ ሴሎችን፣ ሌላ መድኃኒት እምቢ ላላቸው የሉፐስ ታካሚዎች ሰጡ። በ2022 ባወጡት ጽሑፍ አምስቱም ታካሚዎች ሕመማቸው ጸጥ ብሎ የቀድሞ መድኃኒታቸውን አቁመዋል። አጥፊ የነበሩት ቢ ሴሎች፣ ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ህዋሳት፣ በእነዚህ ቲ ሴሎች ተጠርገው ከወራት በኋላ አዲሶቹ ሲመለሱ ሉፐሱ አብሯቸው አልተመለሰም።

«ብዙ ይሻላል» የሚለው እምነት በመድኃኒት መጠን ላይም ይፈተናል። ሙምባይ የሚገኘው የታታ ሜሞሪያል ማዕከል ሐኪሞች ፒዲ-1ን የሚያግደውን ኒቮሉማብን በ20 ሚሊግራም ብቻ፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ ከርካሽ ኪኒኖች ጋር ለራስና ለአንገት ካንሰር ሕሙማን ሰጡ። የተለመደው መጠን በየሁለት ሳምንቱ 240 ሚሊግራም ነው። ኪኒኖቹን ብቻ ከወሰዱት ውስጥ ዓመት የቆዩት 16 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ትንሿ መጠን የተጨመረላቸው ግን 43 በመቶ ደረሱ። ለደሃ አገር ከዚህ የሚበልጥ ዜና የለም። የጤና ሹማምንት ሊያነቡት የሚገባም ይህንን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ፔምብሮሊዙማብን በ2025 ለተሠራጨ የማህፀን በር ካንሰር መሠረታዊ መድኃኒት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታው በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ግን ፒዲ-1 የሌላቸው አይጦች በሳንባ ነቀርሳ ከጤነኞቹ ቀድመው ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን በወሰዱ ሰዎችም ተደብቆ የነበረ ቲቢ ሲነሣ ታይቷል። ቲቢ በበዛበት አገር የመድኃኒቱ በጀት ሲያዝ የቲቢ ምርመራው፣ የታይሮይድ ሆርሞን ልኬቱና መከላከያው ልክ ሲያልፍ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን በዚያው ገጽ ላይ መጻፍ አለባቸው።