ውሉን ያላየው ገዢ

አንድ መሥሪያ ቤት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ኮምፒዩተር ይገዛል እንበል። ዕቃው አልተሰበረም፤ ሌሊትና ቀን ይሠራል። ነገር ግን አንድ ቀን የፕሮግራሙ ሠሪ ብድግ ይልና «ከእንግዲህ ወዲህ ለዚህ ዕቃ አዲስ ፕሮግራም አላዘጋጅም» ይላል። ዕቃው ከዚያች ቀን ጀምሮ በቁሙ ማርጀት ይጀምራል። እንግዲህ ጥያቄአችን ይህ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመስጠት መብት ያለው ማን ነው? ገንዘቡን የከፈለውስ ሰው የት ገባ?

ነገሩ ተረት አይደለም። በአሜሪካ አገር ኤችፒና ኦራክል የተባሉ ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ዐሥር ዓመት ያህል የተካሰሱበት ጉዳይ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤችፒ ከኢንቴል ጋር ሆኖ አይታኒየም የተባለ ፕሮሴሰር ሠራ፤ በ2001 ገበያ ላይ ዋለ። ታላላቅ ድርጅቶች የሚገዟቸው የኤችፒ ሰርቨሮች በዚሁ የሚሠሩ ነበሩ። አይታኒየም የራሱ ቋንቋ ስላለው፣ ለሌላ ፕሮሴሰር የተሰናዳ ፕሮግራም እንዳለ አምጥተው ቢጭኑበት እንደሚገባው አይሠራም፤ ለብቻው ሊሰናዳለት ይገባል። ከነዚህም ፕሮግራሞች ዋነኛው የኦራክል ዳታቤዝ ነበር።

በ2010 ኦራክል ሳን የተባለውን ሰርቨር ሠሪ ኩባንያ ገዛና ከወዳጅነቱ በላይ የኤችፒ ተወዳዳሪ ሆነ። በዚያው ዓመት የኤችፒ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ማርክ ኸርድ ሥራቸውን ለቀው ወደ ኦራክል ገቡ። ኤችፒ ከሰሰ፤ ወዲያውም ታረቁ። በእርቁ ወረቀት ላይ ኦራክል ፕሮግራሞቹን ለኤችፒ ሰርቨሮች እንደ ቀድሞው ማቅረቡን እንደሚቀጥል ተጻፈ። ዳሩ ግን ስድስት ወር ብቻ ቆይቶ፣ በማርች 2011፣ ኦራክል ለአይታኒየም አዲስ ፕሮግራም ማዘጋጀቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ኤችፒም እንደገና ከሰሰ።

ኦራክል ያቀረበው መከራከሪያ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያ ጽሑፍ የመልካም ወዳጅነት ቃል እንጂ የሚያስገድድ ውል አይደለም አለ። ሁለተኛ፣ አይታኒየም ዕድሜው አልቋል፤ ሬድ ሃትና ማይክሮሶፍትም እንደሚተዉት ቀደም ብለው አስታውቀዋል አለ። የካሊፎርኒያው ዳኛ ግን በ2012 ጽሑፉ የሚያስገድድ ውል ነው ብለው ፈረዱ። በ2016 ደግሞ ጁሪው ኦራክል 3 ቢሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። በጁን 2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። ኢንቴል የመጨረሻዎቹን አይታኒየሞች የላከው በዚያው ዓመት በሚቀጥለው ወር ነበር። ፍርዱ ጸና፤ ዕቃው ግን አለቀ።

በእኛ አስተያየት ዳኛው ልክ ናቸው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን አባባል ለድኻም ለባለጸጋም እኩል ይሠራል። ኩባንያ የማይጠቅመውን ሥራ ለዘለዓለም ተሸክሞ ይኑር አንልም፤ የፈረመውን ግን ሊጠብቅ ይገባዋል።

ነገር ግን ኤችፒም ንጹሕ ነበር ብለን አናጨበጭብም። በክርክሩ ጊዜ አንድ ሌላ ወረቀት ወጣ። ኢንቴል አይታኒየምን መሥራቱን እንዳያቆም ኤችፒ እስከ 2017 ድረስ ወደ 690 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተዋውሎ ኖሯል። እንግዲህ የዕቃው ዕድሜ በሁለት ወረቀቶች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንዱ የእርቁ ውል፣ ሁለተኛው ይህ ክፍያ ነው። ገዢው በገዛበት ቀን አንዱንም አላየም። ካሣውም የተፈረደው ለኤችፒ ነው። ሲስተሙን ወደ ሌላ ሰርቨር ለማዛወር የተገደደው ድርጅት ከሳሽም ተከሳሽም ስላልነበረ፣ ስለ እርሱ ወጪ የተጠየቀ የለም።

ይህን የምንጽፈው የባዕድ አገር ኩባንያዎችን ጠብ ለማውራት ያህል አይደለም። የእኛም መሥሪያ ቤቶች በውጭ አገር ዕቃና በውጭ አገር ፕሮግራም ይሠራሉ። ነገ ከነገ ወዲያ በየግዢ ኮሚቴው የምንቀመጠው፣ ውሉንም የምናረቅቀው እኛው የዛሬዎቹ ተማሪዎች ነን። ያን ጊዜ ዋጋውን ብቻ አይተን አንፈርም። ፕሮግራሙ ለዚህ ዕቃ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ይሰናዳል? ሠሪው ከዚያ በፊት ቢያቆም የማዛወሪያውን ወጪ ማን ይከፍላል? መዝገባችንን ሌላ ዕቃ ሊያነበው በሚችል አኳኋን አውጥተን መውሰድ እንችላለን? ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በውሉ ውስጥ እናስጽፍ። ሻጩ እንቢ ካለ፣ እንቢታው ራሱ ስለ ዕቃው ብዙ ይነግረናል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ሳይጠይቅ የሚፈርም ገዢ ደግሞ ራሱን ለንቀት ያዘጋጀ ነው።