ሽጉጡ የት ያድራል?

ስለ ሠርግ ወጪ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝን መልእክቶች ሳገላብጥ አንዱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የፍቅር ጥያቄ ነው ብዬ ጀምሬው የሽጉጥ ጥያቄ ሆነብኝ። አንብቤ ስጨርስ ግን ያው የፍቅር ጥያቄ ነው። እስቲ እናንተም ስሙት።

«ዕድሜዬ 26 ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ አዲስ አበባ ቢሆንም የአባቴ አገር መንዝ ነው። አባቴ በሕይወት ስለሌለ ለሠርጌ እንደ አባት የሚቆምልኝ አጎቴ ነው። እሱም ‹ወንድ ልጅ ወገቡ ባዶ ሆኖ ሚስት አያገባም› ብሎ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሊገዛልኝ ተነስቷል። ያ በፊልም የምናየው፣ በየተኩሱ በአውራ ጣት ወደ ኋላ እየተወጠረ የሚተኮሰው ዓይነት ነው። የሚሸጥ ሁለት አግኝቶ ምረጥ ብሎኛል። የአንዱ አፈሙዝ ረጅም ነው፣ የሌላው አጭር። ጥይታቸው አንድ አይደለም፣ ማነጣጠሪያቸውም ይለያያል። እጮኛዬ ነገሩን ከሰማች ወዲህ አኩርፋለች። ‹የት ነው የሚያድረው?› ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣትም። የቱን ልምረጥ?»

እሺ ወንድሜ። አጎትህን ኋላ ቀር ብዬ እንድሰድብልህ ጠብቀህ ከሆነ ግን ተሳስተሃል። ለመንዝ ሰው መሣሪያ ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) ራስ አበበ አረጋይ የመሯቸው የሸዋ አርበኞች የመንዝና የመርሐቤቴን ገደል መከታ አድርገው ነው የተዋጉት። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪንም መንዝ ተቀምጦ ያጠናውን ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ውስጥ ስለ ወንድነትና ስለ ጠመንጃ ሳያነሳ አላለፈም። አጎትህ እንግዲህ የወረሰውን ነው የሚያወርስህ።

ስለ ሽጉጥ የማውቀው ጥቂት ስለሆነ ዕድሜያቸውን በመሣሪያ ግምጃ ቤት የፈጁ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ ቡና ጠጣሁ። ጥያቄህን ሳነብላቸው ሳቁና «ሦስቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ነው። ለምን እንደፈለገው ይንገረኝ» አሉኝ። ቀጥሎ ያለውን ከእሳቸው አፍ እንደሰማሁት ነው የማቀርብልህ።

በመጀመሪያ አፈሙዙ። ሽጉጥ ስሙ ራሱ ይነግርሃል፤ ከመሸጎጥ የመጣ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ አባት የሚባለው ኮልት እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው ነው። በደንብ የታወቁት ርዝመቶቹም ሦስት ናቸው፤ በእኛ መለኪያ 12፣ 14 እና 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ረጅሙ ሁለት ጥቅም አለው። የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ስለሚራራቁ እጅህ ትንሽ ስትዛነፍ ቶሎ ይታይሃል። ክብደቱም ወደ ፊት ስለሆነ ሲተኮስ ብዙ አይዘልም። ግን ወገብ ላይ ያስቸግራል። ባና ለብሶ ለተቀመጠ የመንዝ ሰው 19 ሳንቲ ሜትር ብረት ጎኑን ሲወጋው ነው የሚውለው። አጭሩ ለመያዝም ለማውጣትም ይቀላል፤ ራቅ ያለ ዒላማ ለመምታት ግን የለመደ እጅ ይፈልጋል። ከገደል ወዲያ ማዶ መምታት የጠመንጃ ሥራ ነው፤ ሽጉጥ ረዘመ ብሎ ጠመንጃ አይሆንም።

ሁለተኛው የጥይቱ ስፋት፣ ካሊበር የሚሉት። እዚህ ላይ አያቶቻችን ከእኛ ይበልጡ ነበር። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር። ጥይቱ በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ የተገበያዩበት ዘመን ነበር። ሰው መሣሪያ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥይቱ ይገኛል ወይ?» ብሎ ነው። አንተም ከዚያ ጀምር። የድሮው ኮልት የሚጎርሰው 45 የሚባለው ወፍራም ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። 357 ማግነም የሚባለው ደግሞ ከ9 ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ግን ኃይለኛ ነው፣ ጀማሪን ያስበረግጋል። አንድ ደግ ነገር አለው። 38 ስፔሻል የሚባለውን ለስለስ ያለ ጥይትም ይጎርሳል። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ ለ38 የተሠራ ሽጉጥ 357ን መጉረስ የለበትም። ስፋቱ ተቀራረበ ተብሎ የማያውቁትን ጥይት ማስገባት ሽጉጡን እጅ ላይ ያፈነዳል። «በክር ጠቅልዬ ልክ አደርገዋለሁ» የሚል ካጋጠመህ ጣቶቹን ቁጠርና ተሰናበተው።

ሦስተኛው ማነጣጠሪያው። የድሮዎቹ ከኋላ ብረቱ ላይ የተቦረቦረች ቦይ፣ ከፊት ደግሞ አንዲት ቀጭን ምላስ አላቸው፤ በቃ። አይስተካከልም፣ ግን አይሰበርም፣ ልብስም አይዝም። አዳዲሶቹ ላይ በቡሎን ከፍና ዝቅ የሚል አለ። ለዒላማ ውድድር ሸጋ ነው፤ ወገብ ላይ ለሚውል ግን ነቁጡ ልብስ ይይዛል፣ ሲጋጭም ይዛነፋል።

አየህ ወዳጄ፣ ለዒላማ ልምምድ ከሆነ ረጅሙ፣ ለስላሳ ጥይት የሚጎርሰውና ማነጣጠሪያው የሚስተካከለው ነው። ለወገብ ከሆነ አጭሩና ማነጣጠሪያው ያልበዛበት። አንተ ግን «ለሠርጌ» ነው ያልከኝ። ለሠርግ የሚሆን አፈሙዝ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው ብዬ ሽማግሌውን ብጠይቃቸው ቡናቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ።

ዝም ማለታቸው የገባኝ እኔም የማውቀው ነገር ስላለ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ግሼ ውስጥ የዘመድ ሠርግ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሚዜ ነው። አጎቴ ደስ ብሎት ሲጨፍር ስድስት ጎራሹ ከወገቡ ወልቆ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ምላጭ የሳበ ሰው የለም፤ በራሱ ጮኸ። ጥይቱ ወንድሜን ጉልበቱ ላይ አገኘው። በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ እስኪያደርሱት መሸ። እግዜር ይመስገን ተርፏል፤ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። ሽማግሌ ገብቶ ዕርቅ ወርዷል። አጎቴ ግን ወንድሜ ባለበት ቤት እህል አይቀምስም። ወንድሜ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» ይለዋል፤ እሱ አይረሳም።

ለምን በራሱ ጮኸ? ሽማግሌው ያስረዱኝ ይህን ነው። በአሮጌው ዓይነት፣ በአውራ ጣት የሚወጠረው መዶሻ ሲመለስ ጫፉ በቀጥታ ጥይቱ ቂጥ ላይ ነው የሚያርፈው። መሬት ላይ ወድቆ መዶሻው ከተመታ ይፈነዳል። ለዚህ ነው የሚያውቁ ሰዎች ስድስት ጎራሹን አምስት ብቻ አጉርሰው፣ መዶሻውን ባዶው ጉድጓድ ላይ የሚያሳርፉት። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 መላ አበጀለት፤ ምላጩ እስከ መጨረሻው ካልተሳበ መዶሻው ጥይቱን እንዳያገኘው የሚያደርግ ብረት ጨመረበት። ስለዚህ ከርዝመቱም፣ ከጥይቱም፣ ከማነጣጠሪያውም በፊት መጠየቅ የነበረብህ «ይህ ሽጉጥ ቢወድቅ ምን ይሆናል?» ብለህ ነበር። የአጎቴ ሽጉጥ የዚያን ዕለት ስድስቱንም ጎርሶ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አጎትህ «የሚሸጥ አገኘሁ» ሲል ወረቀቱንም አገኘ ወይ? በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። የሌላ ሰው ፈቃድ ደግሞ ያንተ አይሆንም። ሰሜን ሸዋ ምን እንዳሳለፈ አንተም ታውቃለህ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከመታወጅ ተደርሷል። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ድረስ ወገብህ ላይ ሽጉጥ ሸጉጠህ፣ ሙሽራህን አጠገብህ አስቀምጠህ ኬላ ላይ ስትፈተሽ ይታይህ። ጫጉላህን የት ልታሳልፍ ነው?

እንግዲህ ምክሬን ልንገርህ። ለሠርግህ የትኛውንም አትምረጥ። አጎትህን ግን አታሳፍረው። «አይ፣ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ» ብትለው ያዝናል። ይልቅ አገር ቤት ሂድና አጠገቡ ቁጭ ብለህ የአያትህን መሣሪያ ታሪክ ጠይቀው። እንዲነግርህ ነው እንጂ እንድትታጠቅ ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ከዚያ «ጋሼ፣ ለወገቤ ሳይሆን ለትከሻዬ ስጠኝ» በለው። የመንዝ በግ ጠጉር ባና አልብሶ ይመርቅህ። ከዚያ የሚበልጥ የአባት አገር ስጦታ እኔ አላውቅም፤ ብርድ ሲሆንም ለሁለት ትለብሱታላችሁ።

አንድ ቀን በሕግ ፈቃድ አውጥተህ፣ ተኩስ ከሚያውቅ ሰው ተምረህ ልያዝ ካልክ ግን የራስህ ጉዳይ ነው። ያኔ ቢወድቅ የማይጮኸውን፣ ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ የሚገኘውን ፈልግ። ሽጉጡ በአንድ ቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ።

እጮኛህ አኮረፈች ብለሃል። አላኮረፈችም። አንተ ሦስት ነገር ስትጠይቅ እሷ የጠየቀችው አራተኛውን ነው። «የት ነው የሚያድረው?» ስትል ትራሱ ሥር ነው ወይስ ቁም ሣጥኑ ላይ ማለቷ ብቻ እንዳይመስልህ። ነገ ዳዴ የሚል ልጅ የሚመጣበትን ቤት ከወዲሁ እያየች ነው። ዛሬ ማታ ሂድና «የትም አያድርም» በላት። ከዚያ ማኩረፏን እናያለን!

በሉ እንግዲህ፣ ሳምንት ሰው ይበለን።