ጎማም የተወለደበት ቀን አለው

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ልጄን ላርስ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ሄጄ ነበር። ገንፎውን አገነፋሁ፣ አጥሚቱን አፈላሁ፣ የልጅ ልጄን አጠብኩ። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሕፃኑ ሳይሆን ስለ ጎማ ነው። «ሲስተር፣ እርስዎን ደግሞ ከጎማ ጋር ምን አገናኘዎት?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እስኪ ታገሱኝ።

የአራሷ ታናሽ ወንድም፣ የመጨረሻ ልጄ፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ ይኖራል። 31 ዓመቱ ነው፤ ትዳር አልያዘም። ያጠራቀመውን ገንዘብ ቶዮታ ጂአር 86 የምትባል ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ላይ አውሎታል። ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማትል እኔ በዚህ ጉልበቴ ስገባባት ዱካ ላይ እንደመቀመጥ ነው፤ ስወርድ ደግሞ ሰው ያነሳኛል። «ይህን ገንዘብ ለትዳርህ ብታደርገው ምን ነበረበት?» ብዬ ከአንዴም ሁለቴ ተናግሬዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና አፍልቼ ስጠራው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ጎማ ያማርጣል። የአራቱን ዋጋ በልቤ ወደ ብር ስመነዝረው ከዓመት ጡረታዬ በለጠብኝ።

«ያሉት ጎማዎች ምን ሆኑ?» አልኩት።

«እነሱ የክረምት ናቸው እማዬ። አሁን የበጋ ልገዛ ነው።»

ግራ ገባኝ። እኛ ዘንድ በጋ ማለት ዝናብ የሌለበት ወቅት ነው። የእነሱ በጋ ደግሞ በእኛ ሰኔና ሐምሌ፣ ዶፍ በሚወርድበት ጊዜ ነው የሚገባው። «ታዲያ ዝናብ ቢመጣ በበጋ ጎማ ልትንሸራተት ነው?» ስለው ሳቀ። ነገሩ የዝናብ ሳይሆን የሙቀትና የብርድ ጉዳይ ኖሯል። የበጋ ጎማ የሚሠራበት ጎማ በሙቀት ጊዜ ለስለስ ብሎ አስፋልቱን ይነክሳል፤ ውሃ የሚያስወጡ ቦዮችም ስላሉት በሞቃት ቀን ዝናብ ላይም ጎበዝ ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ግን እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳልና መያዝ ያቅተዋል። በጣም ሲበርድ ጭራሽ ሊሰነጠቅ ይችላል። የክረምቱ ተቃራኒው ነው፤ በብርድ እንደለሰለሰ ይቆያል፣ በሙቀት ግን ይላወሳል፣ ቶሎም ያልቃል።

«እንግዲያው ነጠላና ጋቢ በለኛ!» አልኩት። «ለዓመት ሙሉ የሚሆን የሚባለው ደግሞ ኩታ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጓደኞቹ የሚያስረዳው በእኔ ምሳሌ ነው።

ቡናውን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ምርጫውን አብሬው አየሁ። የመኪናዋ ልክ 215/40አር18 ነው። 215 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 40 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 40 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ 18 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አስሉት፤ ጎኑ ስምንት ሴንቲ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ጎኑ አጭር ስለሆነ መሪው ሲዞር ጎማው ሳያቅማማ ይታዘዛል፤ ጉድጓድ ሲገባ ግን ቸርኬው ይመታል። «ይህቺ መኪና አዲስ አበባ ብትመጣ ሳምንት አትቆይም» አልኩት።

ከልኩ በኋላ የጥርሱ ዕድሜ ቁጥር አለ። ለማወዳደሪያ የተቀመጠው ጎማ 100 ተብሎ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጎማው ብዙ ይቆያል። ካያቸው መካከል የብሪጅስቶኑ አርኢ-71አርኤስ 200፣ የሚሽሊኑ ፓይለት ስፖርት 4ኤስ 300፣ የኮንቲኔንታሉ ኤክስትሪም ኮንታክት ስፖርት 02 ደግሞ 340 ነበሩ። ቁጥሩን የሚሰጠው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ከሌላው ጋር እንደ ሚዛን ማስተያየት እንደማይቻል ነገረኝ። ባለ 200ው ለውድድር ሜዳ እንጂ ለዘወትር አይሆንም፤ ቆንጥጦ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይበላል። ከዚያ ደግሞ እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የመቆም ደረጃ አለ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ኤኤ ይባላል፣ ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይወርዳል።

«ለዘወትር መንገድ ነው የምፈልገው፤ በእርጥብ ላይ የሚቆምልኝን» ብሎ ባለ 300ውን አዘዘ።

እኔ ግን አልቻልኩም። «ለጎማ ይህን ያህል ገንዘብ? ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ፀጉሩን ከግንባሩ ገለጥ አደረገ። ያ ጠባሳ አለ።

1993 ዓ.ም. ገናን ደብረ ብርሃን ልናከብር በባለቤቴ አሮጌ ኮሮላ ስንሄድ፣ ሸኖን ሳናልፍ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። መኪናዋ ዞረችና ቦይ ውስጥ ገባች። የ7 ዓመቱ ልጄ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተጋጭቶ ግንባሩ ተተረተረ። ስንት የመኪና አደጋ ቁስለኛ ተቀብያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ነጠላዬን ግንባሩ ላይ ጭኜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስድስት ስፌት ተሰፋ። ከዚያ የባሰ ባለመምጣቱ ፈጣሪን አመሰገንን።

ጎማው ከወራት በፊት የገዛነው ሰልባጅ ነበር። ጥርሱ ጥልቅ፣ መልኩ ጥቁር፣ ሲያዩት አዲስ የሚመስል። ጎኑ ላይ ግን እንደ ደረቀ ተረከዝ የተሰነጣጠቀ ነገር ነበረው። ያን ጊዜ ማን ልብ ብሎ አየው?

«አባዬ እስኪሞት ድረስ ‹ጥርሱ ሙሉ ነበር እኮ› ይል ነበር» አለኝ ልጄ። «እኔ መኪናዋን ስገዛ ቀለሟን ወደድኩ፤ ጎማ ላይ ግን አልቀልድም።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ዋጋው አላነሳሁም።

ጎማዎቹ መጥተው ሊገጠሙ ስንሄድ ልጄ መጀመሪያ ያየው የተወለዱበትን ቀን ነው። በእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ ተከትሎ የሚመጣው የመጨረሻው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተሠራበትን ጊዜ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። እኔ 38 ዓመት ሙሉ መድኃኒት ስሰጥ የማብቂያ ቀኑን ሳላይ ብልቃጥ ከፍቼ አላውቅም። ልጆቼን የሚሸከመውን ጎማ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩትም።

ከተገጠሙ በኋላ ይሮጥባቸዋል ብዬ ስፈራ እሱ እንደ አዛውንት ይነዳ ጀመር። ለካ አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ላዩ ላይ የሚያንሸራትት ነገር ይቀርበታል፤ ያ እስኪፋቅ የመጀመሪያውን 800 ኪሎ ሜትር ያህል በእርጋታ መንዳት ይመከራል። ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ብርዱ 3 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ መኪናዋን አቁሞ በባቡር ሥራ ሄደ። ትዕግሥቱን ያን ቀን ወደድኩለት።

ሙከራውን ግንቦት ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ሰው የሌለበት ሰፊ ማቆሚያ ውስጥ አሳየኝ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ «እማዬ ያዢ!» ብሎ ፍሬኑን ረገጠ። ቀበቶው ደረቴን ጨመቀኝ፤ መኪናዋ ግን ሳትወላገድ ቀጥ ብላ ቆመች። «አሁን የባሰ ብሮጥ ማወቅ የምችለው በውድድር ሜዳ ነው፤ እዚያ አንቺን አልወስድሽም» አለኝ። እኔም አልሄድም አልኩት።

ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ተመለስኩ። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ትልቋ ልጄ ልጆቿን የምትልክበት ሰርቪስ በራችን ላይ ቆመ። ልጆቹን ስሜ አሳፍሬ ወደ ኋለኛው ጎማ ጎንበስ አልኩ። መነጽሬን አድርጌ ሳነብ 0914 ይላል፤ 11 ዓመቱ! ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ጎማ 6 ዓመት ሲሞላው ይቀየር ይላሉ፤ የጎማ አምራቾችም ቢሆኑ ጥርሱ ምንም ይሁን ምን ከ10 ዓመት አታሳልፉት ነው የሚሉት። ጎኑን በጣቴ ስዳስሰው ተሰነጣጥቋል።

ሹፌሩን ጠርቼ አሳየሁት። ጎበዝና ትሁት ልጅ ነው።

«ሲስተር፣ ጥርሱ እኮ ሙሉ ነው» አለኝ።

የባለቤቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም። የጎማን ዋጋ ሁላችን እናውቃለን፤ እሱም ሦስት ልጆች ያሳድጋል። ማታ ልጄ ለወላጆቹ ሁሉ ደወለች። አሥራ ሁለት ቤተሰብ የአንድ ወር ክፍያ በቅድሚያ ሰጠውና በሁለት ሳምንት ውስጥ የኋላ ሁለቱ በአዲስ ተቀየሩ። የፊቶቹን ለጥር ቀጠሮ ይዘናል።

እናንተም ነገ ጠዋት ልጆቹን ስታሳፍሩ ጎንበስ በሉ። የተሠራበትን ቁጥር አንብቡ። ጎኑ ላይ ስንጥቅ ወይም እንደ እብጠት ያበጠ ቦታ ካለ ጊዜ አትስጡት። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ከፍ ያለች ትንሽ ድልድይ አለች፤ ጥርሱ ከእሷ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነውና አልቋል። ንፋሱን የምታስለኩት ደግሞ መኪናው ሳይነዳ በፊት ይሁን። ደረጃ ሮጦ የወጣ ሰው ደም ግፊቱ እንደማይለካ ሁሉ የጋለ ጎማም ትክክለኛውን አይናገርም። ልኩ የሚገኘው በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው፤ ጎሚስታው በግምት እንዲሞላው አትተዉት። በተለይ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ የምትወርዱ፣ ንፋሱ የጎደለና ከልክ በላይ የተጫነ ጎማ በሙቀት ውስጥ ራሱን እያጋለ እንደሚፈነዳ አትርሱ።

እኛ ኩታ የሚበቃን አገር ነን፤ በየወቅቱ ጎማ መቀያየር አይጠበቅብንም። ቁጥሩን ማንበብ ግን ምንም አያስከፍልም።