ሻንጣውን ያልፈታ መምህር

የዘንድሮው ምደባ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ እስከ ምግብ አዳራሹ ሰልፍ ድረስ በግቢያችን የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም «የት ደረሰህ?» የሚል ነው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የደረሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ይባላል። ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ሽንዲ የደረሰው ግን ትከሻው ይዳበሳል፤ «አይዞህ፣ ዓመት ሳይሞላህ ትመለሳለህ» ይባላል። «እግዜር ያጽናህ» ለማለት ጥቂት ነው የቀረን። ሰውዬውም ከተመደበበት ቀን አንሥቶ «ገጠር ተጣለ» የሚል ስም ይወጣለታል።

ስለዚህ «ተጣለ» ስለሚለው ቃል ጥቂት መናገር ግድ ሆኖብናል። የሚጣል ነገር ጥራጊ ነው። አንድ ዐዋቂ ሰው ወደ ቡሬ ቢሄድ ተጣለ ከተባለ፣ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ እኛንም በግብራቸው የሚያስተምሩን ሰዎች ምን ሊባሉ ነው? «ባላገር» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገን ስንወራወርበት ዘመን አልፏል፤ ፍቺውን ለጠየቀ ግን የአገር ባለቤት ማለት ነው። ባለቤቱ ቤት የሄደ እንግዳ ተጣለ አይባልም።

ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የተማረ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት የሒሳብ መምህራን ተፈራረቁበት። የመጀመሪያው በመስከረም መጣ፤ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አስቀመጠ እንጂ አልፈታውም። በኅዳር የዝውውር ማመልከቻውን አስገባ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ወደ ባሕር ዳር ይሳፈራል፤ ሰኞ አይታይም፤ ማክሰኞ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ ያያሉ። የሻንጣውን ነገር ያወቁት ውሃ ከሚቀዳለት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም ከልቡ ያዳመጠው አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ያልተቀመጠበትን ወንበር ማን ያከብርለታል? የክፍሉ አለቃ ከአሮጌ ደብተር እየገለበጠ በሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ክፍል ዩኒቨርሲቲ የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ ጓደኛችን ስለዚያ መምህር ሲያወራ አይቆጣም፤ ብዙም ክፉ ሰው አልነበረም ይላል። እኛን ያስደነገጠን ይህ አለመቆጣቱ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶቹ እንዲያገለግል ማድረግ ጀመረ። «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለው ይህ ነው። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ናይጄሪያ ተመሳሳዩን ለማቋቋም እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየች፤ ሜክሲኮ ግን የሕክምና ተማሪዎቿን ወደ ገጠር መላክ የጀመረችው በ1936 እ.ኤ.አ. ነበርና ቀድማናለች። በእኛ አገር የዚያን ጊዜ ተማሪዎች በግዴታነቱ ማጉረምረማቸው አልቀረም። ይሁን እንጂ ከሄዱት ብዙዎቹ ተለውጠው ተመለሱ። በአዳራሽ ውስጥ «መሬት ላራሹ» ብሎ መጮኽና፣ የአራሹን ልጅ ባዶ ሆዱን ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ማየት ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው።

ይልቁንም ጎጃምን በምሳሌ እንውሰድ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ አልቀበልም ብሎ ተነሣ። አዲስ አበባ ለተቀመጠ ሰው ነገሩ እንቆቅልሽ ነበር፤ ግብር የሚያሻሽል ዐዋጅ ለምን ጦር ያማዝዛል? በዚያ አገር ዓመት የቆየ መምህር ግን ርስት ለባላገሩ ምን እንደ ሆነ ሰምቷል፤ መሬቱ ተለካ ማለት ነገ ተነጠቀ ማለት ነው የሚለውን ሥጋት ከቡና ላይ ጨዋታ ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ነገር በፈተና አይጠይቁንም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ነው፤ ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሰማሩ። ስለ እርሱ ብዙ ተብሏል፤ እኛ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፦ በትእዛዝ የሄደ ሁሉ በልቡ አልሄደም።

ወደ ኋላ ይበልጥ ብንመለከት ደግሞ፣ ከከተማ ርቆ ወደ ገጠር መሄድ ለአገራችን ተማሪ ውርደት ያልነበረበት ዘመን እናገኛለን። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይገሰግስ ነበር፤ ዕውቀቱ ያለው እዚያ ነበርና። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የምናለቅስለት በዛብህም የማንኩሳ ልጅ ነው። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ልብ ወለዱን አንብበን በዛብህን ወደድን፤ የበዛብህ አገር ሲደርሰን ግን ዘመድ ፍለጋ ወደ ቢሮ እንሮጣለን።

ቦታው ምን ይመስላል ለሚሉን፦ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ከአዲስ አበባ በማለዳ የተነሣ አውቶቡስ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ደጀን ላይ ይወጣል፤ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ በቀኑ መጨረሻ ፍኖተ ሰላም ያደርሳል። የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር፤ ያሁኑን ስም ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚያ በማለፋቸው እንዳገኘች ይነገራል። ቡሬ ትንሽ እልፍ ብላ ናት፤ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ነው። አገሩ ጥጋብ አያጣም፤ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ ይልቁንም በርበሬው የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቀዋል። ኬሚስትና መካኒክ፣ የሒሳብ ሠራተኛም የሚፈለገው እንግዲህ እዚያ ነው፤ እነዚህንም የሚያወጣው የዚያው አገር ትምህርት ቤት መሆን ነበረበት።

ኑሮውን በሚመለከት ሐሰት አንናገርም። ክረምት ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። መብራት ይጠፋል። ቲያትር የለም፤ ጨዋታ ያማረው መምህር ከከረምቦላና ከጠላ ቤት በቀር የሚሄድበት ያጣል፤ በዚሁ የጠፉም አሉ። ብቻውን መዋል የለመደ ከተሜ ደግሞ ብቸኝነትን ቢፈልግ አያገኛትም። ቤት ያከራዩት እትዬ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩታል፤ «ሥራ አለብኝ» ቢል ኩሩ ይባላል፤ ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጣ ቢነሣም ይታዘቡታል። ገበያ ሲሄድ በየደጃፉ ቆሞ «እንዴት ዋላችሁ» ማለት አለበት፤ ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ የጊዜ ብክነት ነው። ነገር ግን የታመመ ለት አልጋው አጠገብ አጥሚቱን ይዘው የሚቀመጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እዚህ ከተማ በአንድ ግቢ ሦስት ዓመት ስንኖር የጎረቤታችንን ስም ያላወቅን ስንቶች ነን?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ጓደኞቻችን የሚፈሩት ጭቃውን ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች እንደ ሞቱ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። ስሟ የሰላም መንገድ ለሆነች ከተማ! ከዚያም ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ መምህር በመሆኑ ብቻ ከሁለት ወገን የተጠረጠረ አለ። ይህን ሸፋፍኖ «ሂዱ፣ አገር ትጠራችኋለች» የሚል ጽሑፍ ይህ ጋዜጣ አያወጣም። ከጽሕፈት መኪናችን አጠገብ ተቀምጠን የሌላውን ሰው ድፍረት ለመጻፍ አንደፍርም።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ጊዜ ልጆቹን መምህር አያስፈልጋቸውም አያሰኝም፤ ዓመት የጠፋባቸው እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የምንለው ሁለት ፊት ያለው ነው። ለመዳቢዎቹ፦ መንገዱ አስተማማኝ እስኪሆን ድረስ የቀረ ተመዳቢ ሥራውን እንደ ተወ አይቆጠር፤ ደመወዙም አይታገድ። የአገልግሎቱ ዘመን ሁለት ዓመት ነው ከተባለ ሁለት ዓመት ይሁን፤ የተመደበው ሰው መውጫ ቀኑን ሲገባ ይወቅ። ዛሬ ዝውውር የሚያገኘው ዘመድ ያለው ነው፤ ዘመድ የሌለው አሥር ዓመት ይቀመጣል። ሻንጣ የማያስፈታውም ከሁሉ ይበልጥ ይህ አለማወቅ ይመስለናል። ሰው መውጫውን ካወቀ ግድግዳውን ይለስናል፣ መደርደሪያም ያሠራል። የመኖሪያ ቤትና ደመወዝ በወሩ መክፈል ደግሞ ልመና ሊሆን የማይገባው ነገር ነው።

ለጓደኞቻችን፦ መሄድ የማይችል እዚሁ «አልሄድም» ይበል፤ ማንም አይወቅሰውም። ሄዶ ግማሽ ልቡን እዚህ ትቶ የሚያስተምር ግን የሌላውን ሰው ወንበር ይዟል። የጎጃም ተወላጆች የሆናችሁም አላችሁ፤ እስካሁን ስንሰማ ከሁሉ አብልጣችሁ ቡሬን የምትሸሹ እናንተ ናችሁ። ምክንያታችሁን ከአፋችሁ ብንሰማ ደስ ይለናል። ምናልባት እኛ የማናውቀውን ታውቃላችሁ።

የማኅበሩ ኮሚቴ በሚመጣው ሐሙስ ከእራት በኋላ በማኅበሩ ክፍል ውስጥ ተመዳቢዎችን ያነጋግራል። ከዚያ አገር አስተምረው የተመለሱ ሁለት መምህራን ይገኛሉ። የምደባ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ለመዳቢዎቹ የሚቀርበው ማመልከቻ የሚጻፈው በዚያ ሌሊት ነው። የማትፈልጉትን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብና የፊዚክስ መጽሐፍም አምጡ። ሣጥኑ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ እስከ ትናንት ማታ ሰባት መጻሕፍት ነበሩበት።