ልጁ ገና ዋሽንግተን ነው

በሐምሌና በነሐሴ፣ እንዲሁም በገና ሰሞን፣ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ሕፃን ታቅፈው ወደ አገር ቤት ይመጣሉ። አያቶች የልጅ ልጃቸውን በስልክ ብቻ እያዩ ቆይተዋልና ቀን እየቆጠሩ ይጠብቃሉ። ለዚህ ጉዞ የሚዘጋጁ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ በረራው ነው፤ «ሲያለቅስ ሰው ምን ይለናል?» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ ሊታሰብባቸው የሚገባው ካረፋችሁ በኋላ ያሉት አራትና አምስት ሌሊቶች ናቸው። በረራው ቢከብድም ያልቃል። እነዚያ ሌሊቶች ግን ያልተዘጋጀን ቤተሰብ ያስኮርፋሉ፤ ባልና ሚስትን፣ አማትና ምራትን ያጋጫሉ። የዓመታት ናፍቆት በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ቅያሜ ሲለወጥ ማየት ያሳዝናል።

እስቲ ከዋሽንግተን የሚነሣውን ቤተሰብ እንውሰድ። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባው በረራ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት በሐምሌ 7፣ በገና ሰሞን ደግሞ 8 ሰዓት ነው። እንግዲህ አስሉት። በዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት መተኛት የለመደ ሕፃን ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሲገባ ሰውነቱ «አሁን ተኛ» የሚለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት መንቃት ልማዱ ከሆነም፣ ሰውነቱ «ነጋ» የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይሆናል። እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ልጫወት የሚለው አመል አውጥቶ ወይም ታሞ አይደለም። አካሉ ቦሌ ቢደርስም ሰዓቱ ገና ዋሽንግተን ነው።

ጄት ላግ የሚባለው ይኸው ነው። ሰውነት ከአዲሱ ሰዓት ጋር የሚስማማው በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተጠጋ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪላመድ አንድ ሳምንት ቢወስድ አይገርምም። ወደ ምሥራቅ መጓዝ ደግሞ ወደ ምዕራብ ከመጓዝ ይከብዳል፤ ሰውነትን «ትንሽ ቆይተህ ተኛ» ማለት «ቀድመህ ተኛ» ከማለት ይቀላልና። ከሪያድ የምትመጣ እናት ግን ይህ ችግር የለባትም፤ የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። የእርሷ ልጅ ቢነጫነጭ ደክሞት ነው፤ አንድ ሌሊት ከተኛ ይበቃዋል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃንም ቀንና ሌሊትን ገና ስላልለየ የሰዓቱ ለውጥ ብዙም አያውከውም፤ የሚታወኩት ወላጆቹ ናቸው።

ስለ በረራው ጥቂት ልበል። ቲኬቱን ስትቆርጡ ከፊት ግድግዳው ላይ የሚሰቀለውን የሕፃን አልጋ ወዲያው ጠይቁ፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ የክብደትም ገደብ አለው። ዳይፐር ከምትገምቱት እጥፍ ያዙ። የልጁን ቅያሪ ልብስ ሁሉም ይይዛል፤ የእናትና የአባት ቅያሪ ሸሚዝ ግን ይረሳል፤ ትውከቱ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ቀበቶ እሰሩ ሲባል የራሳችሁን ቀበቶ ልጁን ጨምራችሁ አትሰሩት፤ የእናንተ ክብደት ልጁን ሊጎዳው ይችላል። ለሕፃን የሚሆነውን ቀበቶ አስተናጋጇን ጠይቁ።

የጆሮው ነገር ግን ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልገዋል፤ ብዙ ሰው የተሳሳተውን ጉዞ ነውና የሚፈራው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በበረራ ላይ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለ ተራራ ላይ ያለውን አየር ይመስላል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ስታርፉ የአየሩ ግፊት ብዙም አይለወጥም፤ የልጁም ጆሮ ብዙ አይጨነቅም። የሚያመው ስትመለሱ ነው። ደለስ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ስለማይል፣ ስትወርዱ ግፊቱ ጆሮውን ይጫነዋል። ለዚያ ጉዞ ጡት ወይም ጡጦ ከማረፋችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አዘጋጁ፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈትለታል። ጉንፋን ከያዘው ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም ይየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። «እንቅልፍ እንዲወስደው ትንሽ የጉንፋን ሽሮፕ ስጡት» የሚሉ ወዳጆች አይጠፉም። አትስጡ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2008 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል። እንቅልፍ ያመጣል የሚባለው ሽሮፕ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል፤ 13 ሰዓት ሙሉ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ቦሌ አረፋችሁ እንበል። ለልጁ እኩለ ሌሊት ነው። አበባ ይዞ የሚጠብቀው ዘመድ ግን ይህን አያውቅም። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ ይሳማል፣ እልል ይባልለታል፤ ቤት ሲደርስም ቡናው ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተጠርቷል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ማንንም መክሰስ አይገባም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት ለእናታችሁ ደውሉና፣ «እማዬ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከአንቺና ከአባዬ በቀር እንግዳ አይኑር፤ ድግሱን ለሁለተኛው ቅዳሜ አድርጊልን» በሏቸው። ለባል ቤተሰብ ባል ራሱ ይንገር፤ ይህን መልእክት ለምራት መተው ተገቢ አይደለም። ልጁን በቤተ ክርስቲያን ለጌታ ለማቅረብ ካሰባችሁም የመጀመሪያውን እሑድ ተዉትና ሁለተኛውን ያዙ።

ያን የመጀመሪያ ጠዋት ልጁ ይተኛ። ቀትር ላይ ግን ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱትና ወደ ውጭ አውጡት። የሰውነትን ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከማለዳው ይልቅ የከሰዓት በኋላው ብርሃን ይጠቅመዋል፤ ማለዳው ለእርሱ ገና ሌሊት ነውና ሰዓቱን ወደ ኋላ ሊጎትተው ይችላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ቀደም እያላችሁ አውጡት። የክረምት ደመና አያሳስባችሁ፤ የደመናው ብርሃን እንኳ ከሳሎን አምፖል ይበልጣል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከከፍታው የተነሣ ብርቱ ስለሆነች ከስድስት ወር በታች ያለውን ሕፃን በረንዳ ጥላ ሥር አቆዩት።

ሌሊት ሲነቃ ይርበዋል፤ ሆዱም በዋሽንግተን ሰዓት ነው የሚሠራው። አብሉት እንጂ አትከልክሉት። ነገር ግን ሁሉም ነገር የሌሊት ይሁን፦ ደብዛዛ መብራት፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፤ ቴሌቪዥንም ስልክም አይከፈት። ለዚህስ መብራት መጥፋቱ ሳይጠቅም አይቀርም!

በማግስቱ ምርመራው ይጀመራል። አንዱ «ብርድ መትቶት ነው»፣ ሌላው «ሆዱን ነፍቶት ነው»፣ ሦስተኛዋ «ሰው በዝቶበት ነው» ትላለች። ወደ እውነቱ የቀረበችው ሦስተኛዋ ናት። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ለሆዱ ተብሎ ውኃም ሆነ ቅቤ አይሰጠውም። ይሁን እንጂ ሁሉንም በጄት ላግ አታሳብቡ። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ ያለ ሕፃን አልጠባም ካለና ሽንቱ ከቀነሰ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ሌሊቱን ተካፈሉት። አባት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ እናት ከዚያ እስኪነጋ ቢባባሉ ሁለቱም ጥቂት ይተኛሉ። አባት ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ገብቶ «እንዴት አደራችሁ?» የሚልበት ሳምንት አይደለም። የደከመ ሰው ልጅ ታቅፎ ሶፋ ላይ ማንቀላፋቱ ደግሞ አደገኛ ነው፤ በዚያ ሁኔታ የታፈኑ ሕፃናት አሉ። እንቅልፍ ሲመጣባችሁ ልጁን ደልደል ባለ ፍራሽ ላይ በጀርባው አስተኙት፤ አያት የሚደርቡለትን ጋቢና ብርድ ልብስ በትሕትና ቀንሱለት።

ስለ መመለሻው አንድ ነገር ይቀረኛል። በአዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት መንቃት የለመደው ልጅ ዋሽንግተን ሲመለስ እኩለ ሌሊት ላይ ይነቃል። በዚያን ጊዜ የሚያግዝ አያት በቤት የለም፤ ሥራም ይጠብቃችኋል። አመሻሹ ላይ ወደ ውጭ አውጡትና በብርሃን አቆዩት። እሑድ ገብቶ ሰኞ ሥራ መግባት በሕፃን አይሞከርም፤ ቲኬቱን ስትቆርጡ ቢያንስ ሁለት የዕረፍት ቀን ለዚያ አስቀሩ።