የነዳጅ ድርሻ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን

ነዳጅ በተገኘበት አገር ሁሉ ሀብቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሕዝብ ሁሉ ነው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም አይበቃም። ጉድጓዱ የሚቆፈረው በአንድ አውራጃ ገበሬ መሬት ላይ ነው፤ የከባድ መኪናው አቧራ የሚቦነው፣ የጋዙ ነበልባል የሚነደው በእርሱ ደጅ ነው። ስለዚህ ለአካባቢው አስተዳደር ከባለቤትነቱ ድርሻ ይሰጠው ማለት ምጽዋት መለመን አይደለም። ነገር ግን ድርሻ መስጠት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም እንላለን። ለዚህም ኢንዶኔዚያን ምስክር እንጠራለን። (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጃቫ ደሴት ቼፑ የሚባል የነዳጅ ይዞታ አለ። ውሉ የተፈረመው በ2005 ነው። ባለቤትነቱ ሲደለደል ኤክሶንሞቢል 45 በመቶ፣ የመንግሥቱ ኩባንያ ፔርታሚና 45 በመቶ ያዙ፤ የቀረው 10 በመቶ ለአካባቢ አስተዳደሮች ሆነ። ከዚህም የቦጆኔጎሮ አውራጃ 4.48፣ የምሥራቅ ጃቫ ጠቅላይ ግዛት 2.24፣ የብሎራ አውራጃ 2.18፣ የማዕከላዊ ጃቫ ጠቅላይ ግዛት 1.09 በመቶ ገደማ ደረሳቸው። እያንዳንዱ አውራጃ ከበላዩ ካለው ጠቅላይ ግዛት እጥፍ አገኘ ማለት ነው። ዋናው የባንዩ ኡሪፕ ጉድጓድ በቦጆኔጎሮ ስለሆነ የአንበሳው ድርሻ ለእርሱ መሆኑም ተገቢ ነው። እስከዚህ ድረስ ክፍፍሉ የሚመሰገን ነው።

ይሁን እንጂ በነዳጅ ሥራ ባለድርሻ መሆን ማለት ትርፍ ከመካፈል በፊት ወጪ መካፈል ማለት ነው። አንድ አውራጃ ለቁፋሮና ለቧንቧ የሚከፍለውን ገንዘብ ከየት ያመጣል? የቦጆኔጎሮ የልማት ድርጅት የግል ባለሀብት ፈለገ። ባለሀብቱ ወጪውን ሸፈነ፤ በምትኩም ከድርሻው ትርፍ 75 በመቶውን እንዲወስድ ተዋዋሉ። እንግዲህ በወረቀት 4.48 የተባለው ድርሻ ወደ አውራጃው ካዝና ሲገባ ሩብ ብቻ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው።

የኢንዶኔዚያ መንግሥት በ2016 ባወጣው ደንብ ቁጥር 37 ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሞክሯል። ኩባንያው 10 በመቶውን ለአካባቢው የመንግሥት ድርጅት እንዲያቀርብ፣ ወጪውን ራሱ እንዲያስቀድምና ያስቀደመውን ያለ ወለድ ከምርቱ ድርሻ ላይ እንዲቆርጥ ታዘዘ። ድርሻውም ለሌላ እንዳይተላለፍ ተከለከለ።

ነዳጅ የሌለው አውራጃስ ምን በደለ የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አጭር ነው፤ 10 በመቶው ለጉድጓዱ ጎረቤት ሲሰጥ መንግሥት ከምርቱ የሚያገኘው ድርሻና ግብር እንዳለ ነው፤ ከዚያ የሌላቸው አውራጆች ሊደጎሙ ይችላሉ። ጉዳቱን ግን ማንም አይጋራቸውም።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ሥራ የመጀመሪያ ምዕራፍ በ2025 ተመርቋል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ ሥራ የሚገኘውን የገቢ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ ፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች በጋራ ይጥላሉ፣ ይሰበስባሉ ይላል። መልካም ነው። ግን ግብር መካፈል አንድ ነገር፣ ባለቤት ሆኖ በሒሳቡ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። አንቀጹ ደግሞ ከክልል በታች ያለውን ወረዳ በስም አይጠራም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ድርሻው ሲደለደል ሀብቱ የተኛበት ቦታና ጉዳቱን የሚሸከመው ሕዝብ ይታይ፤ በክልል ከተማ ሳይቀር እስከ ወረዳ ይድረስ። ወጪውን የሚችለው ማን እንደሆነ ፊርማው ሳይደርቅ ይወሰን። ድርሻው አይሸጥ፣ አይለወጥ። ሒሳቡም በየዓመቱ በአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ይነበብ። እነዚህ ካልተሟሉ ባለድርሻ የተባለው ከብት አርቢ ከጋዙ የሚተርፈው ጭሱ ብቻ ይሆናል።